በሩን ያንኳኩት ቄስ

ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የጸሎት ምሽት የሠራሁትን ጥፋት ላውራችሁ። አብሮኝ በመዘምራን የሚያገለግል ጓደኛዬ ስለ ቤተሰቡ በምስጢር የነገረኝን ጉዳይ የጸሎት ርዕስ አድርጌ በሰው ፊት አወጣሁት። «እንጸልይለት» ነበር ያልኩት። በሳምንቱ ወሬው ያልደረሰው ሰው አልነበረም። ጓደኛዬ አንድም ቃል አልተናገረኝም፤ ልምምድ ላይ ግን ከአጠገቤ ተነሥቶ ሌላ ጥግ መቆም ጀመረ። እኔም ቤቴ ገብቼ በዕንባ ንስሐ ገባሁና «ጌታ ይቅር ብሎኛል» ብዬ ነገሩን ዘጋሁት። ሰባት ወር ሳንነጋገር በአንድ መድረክ ላይ ስለ ፍቅር ዘመርን።

ዛሬ የማካፍላችሁን መጽሐፍ ያነበብኩት በእነዚያ ወራት ነው። ደቡብ አፍሪካዊው አለን ፔተን የጻፈው «ክራይ፣ ዘ ቢላቭድ ካንትሪ» የተሰኘ ልብ ወለድ ነው፤ ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አልቅሺ፣ የተወደድሽ አገር» እንደ ማለት ነው። መጽሐፉን ስጀምር ስለ ዘር መድልዎ የተጻፈ ታሪክ ላነብ ነበር ያሰብኩት። ሳላስበው ግን «እኛ ሁላችን ካህናት ነን» ስንል ምን ማለታችን እንደ ሆነ ጠየቀኝ።

ጥያቄውን ላስረዳ። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ምዕራፍ 2 ላይ አማኞችን የንጉሥ ካህናት ይላቸዋል። እኛ ወንጌላውያን ይህን ክፍል እንወደዋለን። ብዙ ጊዜ የምናነሣው ግን ወደ እግዚአብሔር በቀጥታ መግባት እንደምንችል ለማስረዳት ነው፤ ይህም ትክክል ነው። ይሁን እንጂ የብሉይ ኪዳን ካህን የሚገባው ለራሱ ብቻ አልነበረም። በኦሪት ዘጸአት 28 ላይ እንደምናነበው የአሥራ ሁለቱን ነገዶች ስም በደረቱ ላይ ተሸክሞ ነበር የሚገባው። ጳውሎስም በሁለተኛ ቆሮንቶስ 5 ላይ የማስታረቅ አገልግሎት እንደ ተሰጠን ይናገራል። ኃጢአትን የሚያስተሰርይ መካከለኛ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ኢየሱስ ክርስቶስ ነው። እርሱ ያስታረቃቸው ግን በሰውና በሰው መካከል ለመቆም ተጠርተዋል። የፔተን ልብ ወለድ ስለዚህ መቆም ነው የሚናገረው።

ስለ ደራሲው ጥቂት ልበል። ፔተን እ.ኤ.አ. በ1903 ተወለደ። ከ1935 እስከ 1948 ድረስ በጆሃንስበርግ አቅራቢያ የነበረውን፣ ያጠፉ ጥቁር ልጆች የሚታረሙበትን የዲፕክሉፍ ማረሚያ ተቋም አስተዳድሯል። ልብ ወለዱን መጻፍ የጀመረው በ1946 የሌሎች አገሮችን እስር ቤቶች ሊጎበኝ በወጣበት ጉዞ፣ ኖርዌይ ውስጥ ትሮንድሄም በምትባል ከተማ ነው። መጽሐፉ በ1948 ታተመ፤ በዚያው ዓመት አፓርታይድን መመሪያው ያደረገው ናሽናል ፓርቲ በምርጫ አሸንፎ ሥልጣን ያዘ። ስለዚህ ፔተን ስለ አጥፊ ወጣቶች ሲጽፍ ከወሬ አልተነሣም። ፊታቸውንም ስማቸውንም የሚያውቃቸውን ልጆች እያሰበ ነው የጻፈው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ስቲቨን ኩማሎ በናታል ገጠር ንዶትሼኒ በምትባል መንደር የሚያገለግሉ ጥቁር አንግሊካን ቄስ ናቸው። መሬቱ ተራቁቷል፤ ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ ፈልሷል። ሽማግሌው ቄስ ወደ ጆሃንስበርግ ሄደው የሸሸ ልጃቸውን አቤሴሎምን ሲፈልጉ፣ በመጨረሻ እስር ቤት ያገኙታል። ከሁለት ግብረ አበሮቹ ጋር ለስርቆት ሰው ቤት ገብቶ፣ ደንግጦ ተኩሶ አንድ ነጭ ገድሏል። የተገደለው አርተር ጃርቪስ ነው፤ ለጥቁሮች መብት የሚሟገት ሰው ነበር። ከዚህም የሚከፋው፣ የሟቹ አባት ጄምስ ጃርቪስ ከቄሱ መንደር በላይ ባለው ኮረብታ የሚኖሩ ባለ ርስት ናቸው። ሁለቱ አባቶች የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው፤ እስከዚያ ቀን ግን ተነጋግረው አያውቁም።

የመጽሐፉ ልብ ያለው ስፕሪንግስ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ቤት በር ላይ ይመስለኛል። ቄስ ኩማሎ ከመንደራቸው ጠፍታ የቀረችን የአንድ ጎረቤታቸውን ልጅ ለመጠየቅ በሩን ያንኳኳሉ። የሚከፍቱላቸው ጃርቪስ ናቸው። ቄሱ ይንቀጠቀጣሉ፤ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ፤ መናገር ያቅታቸዋል። ጃርቪስ ማን እንደ ሆኑ አላወቁም፤ የታመሙ ሽማግሌ መስለዋቸው ይታገሧቸዋል። ቄሱ ስለ ልጅቷ ጠይቀው፣ መልሳቸውን ይዘው መሄድ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ልጅህን የገደለው የእኔ ልጅ ነው ብለው ተናገሩ።

እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ሽማግሌው ራሳቸው ያልፈጸሙትን በደል ተሸክመው ደጅ ቆመዋል። እኔ ግን ራሴ የሠራሁትን ይዤ በጓዳዬ ተደብቄ ነበር። ጌታችን በማቴዎስ 5 ላይ መባውን ይዞ የመጣውን ሰው በመሠዊያው ፊት ትቶት መጀመሪያ ወደ ወንድሙ እንዲሄድ አዘዘው። ከመሠዊያው እስከ ወንድምየው ቤት ያለው መንገድ የካህንነታችን ክፍል ነው። እኔ መንገዱን በጸሎት ዘልዬው ነበር።

ሁለተኛ የምወደው ነገር ፔተን ቄሱን ፍጹም አድርጎ አለመሳሉ ነው። ኩማሎ ይዋሻሉ፤ ይኮራሉ፤ ይቆጣሉ። ከልጃቸው የፀነሰችውን ምስኪን ልጅ ከንዴት የተነሣ በክፉ ጥያቄ ይወጓታል፤ ከዚያም አፍረው ይቅርታ ይለምኗታል። ወንድማቸውን ጆንን ሊመክሩ ሄደው፣ በንግግራቸው መካከል ሊያቆስሉት ብለው ውሸት ይናገራሉ፤ በሩም ይዘጋባቸዋል። ምሲማንጉ የሚባለው ወጣት ቄስም መራራ ቃል ተናግሮ ይቅርታ የሚጠይቅበት ቦታ አለ። ልብ ብላችሁ ብታነቡ መጽሐፉ በትንንሽ ይቅርታዎች የተሞላ ነው። የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 5 ካህን ራሱ ደካማ ስለ ሆነ ለሚሳሳቱት ሊራራ እንደሚችል ያስተምራል። የፔተን ቄስ የዚህ ትምህርት ሕያው ሥዕል ናቸው። ይቅርታ መጠየቅ የማያውቅ ሰው ሌሎችን ማስታረቅ አይችልም።

ሦስተኛው ጃርቪስ ናቸው። ልብ በሉ፤ እኚህ ሰው በመጽሐፉ ውስጥ «ይቅር ብዬሃለሁ» የሚል ንግግር አያደርጉም። የሚያደርጉት ሌላ ነው። የሟቹ ልጃቸው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ስለ ፍትሕ የጻፋቸውን ጽሑፎች ያነባሉ፤ በሕይወት ሳለ በቅጡ ያላወቁትን ልጃቸውን ከሞተ በኋላ ያውቁታል። ወደ ቀያቸው ሲመለሱ፣ ትንሹ የልጅ ልጃቸው ቄሱን ሊጠይቅ ሄዶ በድርቁ ምክንያት በመንደሩ ወተት እንደ ጠፋ ይሰማል። ብዙም ሳይቆይ ለመንደሩ ሕፃናት ወተት ይመጣል። ከዚያ ገበሬውን የሚያስተምር ናፖሊዮን ሌትሲትሲ የሚባል ወጣት የግብርና ባለሙያ ይመጣል። ከዚያም ጣሪያው የሚያፈስሰው ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ ይታሰባል። አንድ ዝናባማ ቀን ጃርቪስ በዚያ በሚያፈስስ ጣሪያ ሥር ተጠልለው፣ የልጁ የሞት ፍርድ ተነሥቶለት እንደ ሆነ ቄሱን ይጠይቃሉ። አልተነሣለትም። አቤሴሎም ይሰቀላል። ደራሲው ይህን አላለሳለሰውም። ይቅርታ ሕግን አልሻረም፤ በደልንም ትንሽ ነው አላለም። ስለዚህ ማንም «ይቅር በል» ብሎ ወንጀልን እንድትሸፍኑለት ቢጠይቃችሁ፣ እርሱ የሚናገረው ስለ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ትዕይንት ልጨምር፤ የቤተ ክርስቲያን ልጆች ስለ ሆንን ይመለከተናል። ጳጳሱ ወደ ንዶትሼኒ መጥተው ቄስ ኩማሎን ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወሩ እንደሚሻል ይመክሯቸዋል። ልጃቸው የጎረቤታቸውን ልጅ ገድሎ እንዴት አብረው ይኖራሉ? ምክሩ በደግነት የተሰጠ ነው። እኛም እንዲህ እናደርጋለን፤ የተጣሉትን አንዱን ወደ ሌላ ቡድን፣ ሌላውን ወደ ሌላ አገልግሎት እንመድባለንና ሰላም ወረደ እንላለን። ጳጳሱ ገና ሳይሄዱ ግን ከጃርቪስ ደብዳቤ ይደርሳል፤ ስለ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ሥራ የሚናገር ደብዳቤ ነው። ጳጳሱም አሳባቸውን ይለውጣሉ። በዚህ ትዕይንት ቤተ ክርስቲያን ልትለያያቸው ያሰበችውን ሰዎች አንድ ተራ ምእመን አቀራረባቸው። የአማኞች ሁሉ ካህንነት የሚባለውን ትምህርት ከዚህ በተሻለ ያስረዳ ልብ ወለድ አላነበብኩም።

ነገር ግን ሒስ ሙገሳ ብቻ ከሆነ አንባቢን አይጠቅምም። ሁለት ቅሬታዎች አሉኝ። አንደኛው ትንሽ ነው፤ የመጽሐፉ ቋንቋ የመጽሐፍ ቅዱስን ዜማ ይከተላል፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ያምራል፤ አንዳንድ ቦታ ግን ድግግሞሹ ይበዛና ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ የሚናገሩ ይመስላሉ። ሴቶቹም በጥላ ውስጥ ቀርተዋል፤ የቄሱ ሚስት ሐዘን ከባሏ ሐዘን ባያንስም ብዙም አንሰማውም።

ሁለተኛው ከባድ ነው። መጽሐፉን ያልወደዱ አንባቢዎች ዕርቁ የባለጠጋ ችሮታ ነው ይላሉ። ወተቱ የሚወርደው ከነጩ ኮረብታ ነው፤ ጥቁሩ ቄስ ያመሰግናሉ፤ ኮረብታው ግን የማን እንደ ነበረ አይጠየቅም። ይህ ወቀሳ እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለብዙኃኑ ጥቁር ሕዝብ የተወው ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር፤ በ1936 የወጣው ሕግም ወደ 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ከፍ ያደረገው። የንዶትሼኒ ልጆች ወተት ያጡት በድርቅ ብቻ አልነበረም።

ፔተን ይህን አልሳተውም። ያ ወጣት የግብርና ባለሙያ፣ ሌትሲትሲ፣ ለጃርቪስ ክብር ቢኖረውም፣ መሬቱን አሳንሶ የሰጠውና ሰዉን ከመሬቱ ነቅሎ ለሥራ የወሰደው ነጩ ሰው ራሱ መሆኑን ለቄሱ ይነግራቸዋል። ሽማግሌው ቄስ ንግግሩን ይፈሩታል። እኔ ግን በዚያ ንግግር ውስጥ የኦሪትን ድምፅ እሰማለሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን 6ን አንብቡ። ባልንጀራውን የበደለ ሰው የወሰደውን አምስተኛ እጅ ጨምሮ ለባለቤቱ ይመልሳል፤ የበደል መሥዋዕቱንም ወደ ካህኑ ያመጣል። ዘኬዎስም ጌታን በቤቱ ሲቀበል የቀማውን ሊመልስ ተነሣ። ሳያስመልስ የሚያስታርቅ ካህን ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ፔተን ይህን እውነት በአንድ ወጣት አፍ ተናግሮ ቶሎ አለፈው፤ እኔ ብሆን ተጨማሪ ገጾች በሰጠሁት ነበር። መጽሐፉ ስለ ይቅርታ ጥልቅ ነው፤ ስለ ዕርቅ ግን መንገድ ጀምሮ ይቆማል።

የመጨረሻው ትዕይንት ሁሉንም ይሰበስባል። ልጃቸው በሚሰቀልበት ዋዜማ ቄስ ኩማሎ ወደ ተራራ ይወጣሉ። በመንገድ ላይ ጃርቪስን ያገኟቸዋል፤ ሁለቱ አባቶች በምሽት ይነጋገራሉ። ከዚያ ቄሱ ብቻቸውን ይወጡና ሌሊቱን ኃጢአታቸውን ሲናዘዙ፣ ሲያመሰግኑ፣ የሰዎችን ስም እያነሡ ሲጸልዩ ያድራሉ። ጎህ ሲቀድ ቆመው ይጠብቃሉ። ሊያድኑት አይችሉም። ስሞችን በደረቱ ተሸክሞ ስለሚገባው ካህን ስናነብ እኚህን ሽማግሌ አስቡ።

እኔስ? መጽሐፉን በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ወደ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። «ጌታ ይቅር ብሎኛል» አላልኩትም። ምን እንዳደረግሁ በስሙ ጠርቼ ነገርኩት። ከዚያም በዚያ የጸሎት ምሽት ለነበሩት ሁሉ ጥፋቴን ተናገርኩ፤ የወሰድኩበትን ክብር በሙሉ ልመልስለት ባልችልም የምችለውን ያህል። እርሱ በዚያ ቀን «ይቅር ብያለሁ» አላለኝም። ከብዙ ሳምንት በኋላ ግን ለልምምድ ሲመጣ ከአጠገቤ ቆመ። አሁንም እንደ ድሮው አይደለንም፤ ግን እንነጋገራለን።

ወጣቶች ሆይ፣ ይህን መጽሐፍ በኅብረታችሁ አንብቡት። አንብባችሁ ስትጨርሱ ግን ስለ ደቡብ አፍሪካ ብቻ እንዳትወያዩ። እያንዳንዳችሁ የምታውቁት አንድ በር አለ፤ በድላችሁ ሊሆን ይችላል፣ ተበድላችሁም ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሁለት የተጣሉ ወዳጆች መካከል ቆማችሁ ይሆናል። ካህናት ናችሁና ሂዱና አንኳኩ። የሰላም አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን።