«ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት መጻፍ ይቻላል? የጥላቻ ንግግር አዋጁና ሶፍትዌሩ

የካቲት 23 ሲቃረብ ፒያሳ ያለው የአፄ ምኒልክ ሐውልት ፎቶ ፌስቡክን ይሞላዋል። ከሥሩ ያሉትን ኮሜንቶች አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ብዙም ሳይቆይ ታሪኩ ይረሳና ብሔር መሳደብ ይጀመራል።

ይህን ለመግታት አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ጥሩ ጎን አለው፤ ለትምህርትና ለሳይንሳዊ ምርምር የሚደረግ ንግግርን እንደ ወንጀል አይቆጥርም። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ደግሞ ጥቆማ ሲደርሳቸው የጥላቻ ንግግርን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱ ይጠይቃል። እኔን የማያሳምነኝ ይሄ 24 ሰዓት ነው። አንድ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በደንብ የሚሰራጨው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። የፌስቡክ አልጎሪዝም ደግሞ ኮሜንት የበዛበትን ወደ ላይ የማውጣት ጠባይ አለው፤ ኮሜንቱ የሙገሳ ይሁን የቁጣ፣ ለእሱ ያው ተሳትፎ ነው። የቀድሞ የድርጅቱ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በ2021 (እ.ኤ.አ.) ለአሜሪካ ሴኔት ስትመሰክር ኢትዮጵያን በስም የጠራችው በዚሁ ጉዳይ ነው።

«ታዲያ ማሽኑ ራሱ ለይቶ አያጠፋውም?» ትሉ ይሆናል። እስቲ «ፀሐይ»ን ውሰዱ። «ፀ» እና «ጸ» ሁለት ናቸው፤ «ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። 2 ሲባዛ በ6፣ 12 አጻጻፍ! በአንዱ ብቻ የሠለጠነ ሶፍትዌር ሌሎቹ ሊያመልጡት ይችላሉ። እውነቱን ለመናገር ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ማምጣት ለፕሮግራመር ቀላል ሥራ ነው። ከባዱ ሰምና ወርቁ ነው፤ ተራ ቃል አንድ ቀን በድንገት ስድብ ሆኖ ያድራል፣ ያንን የሚያውቀው የአገሩ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን የሚችሉ ሠራተኞች ሳይቀጠሩ ስለ ማሽን ብቻ ማውራት ከንቱ ነው።

የሰብአዊ መብት ትምህርቱም ቢሆን ይተቻል። ኢንተርኔት ላይ የምናየው ባብዛኛው የተለጠፈ አንቀጽ ነው፤ «ሰው ሁሉ እኩል ነው» የሚል ፖስተር ማን ሼር ያደርገዋል? ማስተማሪያው እኮ እዚያው አራዳ ነው። ድሮ የከተማው ትልቁ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያኖች ከተማዋን በያዙባቸው ዓመታት (1928–1933) ነጩንና ጥቁሩን በሰፈር ለመለየት ሲያቅዱ «የአገሬው ሰው ገበያ» ብለው ወደ ምዕራብ አዛወሩት፤ ዛሬ መርካቶ የምንለው ነው። የምኒልክንም ሐውልት አንስተውት ነበር፣ ከነጻነት በኋላ ተመለሰ። ዘረኝነት የከተማ ፕላን ሲሆን ምን እንደሚመስል ከጊዮርጊስ እስከ መርካቶ እየሄዱ በስልክ ቪዲዮ ማሳየት ይቻላል።

ስድቡን ግን ለመቃወም ብላችሁ እንኳ ስክሪንሹት አድርጋችሁ አትለጥፉት። ጽሑፍ ብቻ የሚያነብ ማጣሪያ በፎቶ ውስጥ ያለውን አያየውም፤ ያላየውም ሰው በእናንተ በኩል ያየዋል።