የሥር ፈንገሶች ስምና የስርጭታቸው ካርታ

በሰሜን አውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ደኖች በዛፍ ሥር ስለሚኖሩት ፈንገሶች የተጻፉትን ጥናቶች ስናነብ «ይህ ዝርያ በሰሜኑ ደን ሁሉ ይገኛል» የሚል ዐረፍተ ነገር ደጋግሞ ያጋጥመናል። እኛ መመርመር የምንፈልገው «ሁሉ» የሚለውን ቃል ሳይሆን «ይህ ዝርያ» የሚለውን ነው።

ስዊድናዊው ኤልያስ ሜሊን በ1922 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከፓይንና ከስፕሩስ ሥር አንድ ጥቁር ሻጋታ አግኝቶ ማይሴልየም ራዲሲስ አትሮቪሬንስ አለው፤ ፓይን ያልነው የአገራችን ጥድ አለመሆኑን አንባቢ ያስታውስልን። የስሙ ትርጓሜ «ጥቁር አረንጓዴ የሥር ድር» ማለት ስለ ሆነ መልክን ይገልጻል እንጂ ዝርያን አይለይም። በ1985 ፊያሎሴፋላ ፎርቲኒ የሚል የዝርያ ስም ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ እጅግ ከተራራቁ አገሮች የተገኘው ጥቁር የሥር ሻጋታ ብዙው በዚሁ ስም ተመዘገበ።

ዲ.ኤን.ኤ. ማንበብ ሲጀመር ችግሩ ያበቃ መስሎ ነበር። ከ1990 ወዲህ አይ.ቲ.ኤስ. የሚባለው አጭር የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል እንደ ፈንገስ መታወቂያ ሆኖ ያገለግላል። ብዙ ጥናቶችም ሁለት ናሙናዎች በዚህ ክፍል ከመቶ 97 እጅ ከተመሳሰሉ አንድ ዝርያ ናቸው ብለው ይቆጥራሉ። ነቀፌታችን እዚህ ላይ ነው። 97 ለቆጣሪ የሚያመች ቁጥር ነው እንጂ ተፈጥሮ ያሰመረችው ድንበር አይደለም። በ2008 በዙሪክ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሌሎች የዲ.ኤን.ኤ. ክፍሎችን ጭምር አመሳክረው በዚያ በአንዱ ስም ዙሪያ ተጠቅልለው ከኖሩት መካከል እርስ በርሳቸው ለማይዳቀሉ ስድስት ወገኖች የዝርያ ማዕረግ ሰጡ። እነዚህ በመልክ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ አይ.ቲ.ኤስ.ም አጥርቶ አይለያቸውም፤ ነገር ግን በአንድ ደን ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጤፉንም ገብሱንም ስንዴውንም «እህል» ብሎ መዝግቦ «እህል በአገሩ ሁሉ ይበቅላል» ማለት ሐሰት አይደለም፤ ለገበሬው ግን ምን ይነግረዋል?

ይህን ስናነብ ዝርያዎቹ ከተለዩ በኋላ እያንዳንዳቸው ጠባብ አገር ይኖራቸዋል ብለን ጠብቀን ነበር። ተሳስተናል። በ2011 የታተመ ጥናት በየደኑ ያለው የእነዚህ ዝርያዎች ስብጥር የቦታን ርቀትም ሆነ የአየር ጠባይን እንደማይከተል አሳየ። እንግዲያው የቀድሞዎቹ ጸሐፊዎች «በሁሉ ይገኛል» ማለታቸው ከእውነት አልራቀም። ቢሆንም መልሱ ትክክል ሆኖ አሠራሩ ካልታየ በፈተና ወረቀት እንኳ ሙሉ ማርክ አይገኝም።

በዲ.ኤን.ኤ. ንባብ ላይ ግን አንጨክንም። አርኬኦሪዞማይሴስ ፊንላዪ የሚገኝበት የፈንገስ ክፍል ከአፈር በተነበበ ዲ.ኤን.ኤ. ብቻ ለዓመታት ሲታወቅ ቆይቶ፣ በ2011 ፈንገሱ በቤተ ሙከራ አድጎ ከታየ በኋላ ነው ስም የወጣለት። ያለዚያ ንባብ ማን ይፈልገው ነበር?

አሁን የሚያሳስበን ሴኖኮኩም ጂኦፊሉም ነው። ይህም ጥቁር የሥር ፈንገስ በሰሜኑ ደን እጅግ የተለመደ ሲሆን፣ ዲ.ኤን.ኤ.ው ሲመረመር ብዙ የተለያዩ የዘር ሐረጎች ያሉበት ሆኖ ተገኝቷል። በናሙና ዝርዝሮች ላይ ግን ዛሬም ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በአንዱ ስም ነው። የስርጭቱን ካርታ የሚያወጣ ሰው የትኛውን የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል እንዳነበበና ድንበሩን ከመቶ ስንት ላይ እንዳሰመረ በካርታው ግርጌ ቢጽፍልን፣ የሥሩንም ናሙና ቢያስቀምጥልን፣ ሌላው ተመራማሪ ሥራውን ከዚያ ይቀጥል ነበር።