የጅማ የሕዝብ ቁጥርና የትምህርት ዕቅድ

የከተማን ዕድገት የሚያጠኑ ጽሑፎች ሁለት ቆጠራዎችን በአንድ መሥመር ማገናኘት ይቀናቸዋል። በ1987 ዓ.ም. 88,867፣ በ1999 ዓ.ም. ደግሞ 120,960 ሰዎች የተቆጠሩባት ጅማ የዚህን ልማድ ጉድለት ትገልጣለች። የፊተኛው ቆጠራ በጥቅምት፣ ቡና መለቀም በሚጀምርበት ወራት፤ የኋለኛው ለቀማው ካበቃ በኋላ፣ በግንቦት የተካሄደ ነው። በሂርማታ ገበያ ዙሪያ የተስፋፋችው ጅማም ሆነች አጋሮና ሊሙ ገነት ኑሯቸው ከቡና ጋር የተሳሰረ በመሆኑ፣ የሰዉ እንቅስቃሴ ወቅትን ይከተላል። ከዚህም የተነሣ የዓመታዊው ዕድገት አኃዝ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ በኅዳር ወላጆቹን ተከትሎ ወደ ለቀማ የሚሄደውን ተማሪ አያሳይም። ስለዚህ ዕቅድ አውጪው የመማሪያ ክፍል ከመደልደሉ አስቀድሞ፣ የቆጠራውን ሠንጠረዥ ከመምህሩ የስም መጥሪያ መዝገብ ጋር በየወሩ ሊያመሳክር ይገባል።