የተሳለ የስፌት መርፌ

ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ምላጫቸውን የሠሩት ከስፌት መርፌ ነው። ጫፉን በመሳያ ድንጋይ እየሳሉ፣ በእንቁላል ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ያደረ የጫጩት ሽል ለመቅደድ እስኪበቃ አቀጠኑት። የሰዓት ሠሪ ወረንጦና የዓይን ሐኪም መቀስ አከሉበት። የሙሶሊኒ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1938 ያወጣው የዘር ሕግ አይሁዳዊቷን ሐኪም ከዩኒቨርሲቲ ስላስወጣቸው፣ ቱሪን ያለው የመኝታ ክፍላቸው ቤተ ሙከራ ሆነ። ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ደግሞ ወደ ገጠር ሸሽተው፣ በየገበሬው ቤት እየዞሩ እንቁላል ያሰባስቡ ነበር።

ሥራው ይህ ነው፦ የእግሩን ቡቃያ ከሽሉ ላይ ይቆርጣሉ፤ ሽሎቹን በተለያየ ዕድሜያቸው አውጥተው በስሱ ይሸነሽናሉ፤ ነርቩን በብር ጨው አጥቁረው ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ ይቆጥራሉ። ይህን የመሰለ ቆረጣ በክንፍ ቡቃያ ላይ ቀድመው የሠሩት ቪክቶር ሃምበርገር እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ክንፍ ሲጎድል የነርቭ ሕዋሳት የሚያንሱት ከጅምሩ በበቂ ስለማይፈጠሩ ነው የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። ሪታ ግን የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ አይተው አልተነሡም። ሕዋሳቱ በወጉ ይፈጠራሉ፤ ክራቸውን ወደ ተቆረጠው እግር መዘርጋት ይጀምራሉ፤ ኋላ ይሞታሉ። ያልተፈጠረና የሞተ በመጨረሻው ቆጠራ ላይ አንድ ናቸው። ሁለቱን ለመለየት ቀን በቀን፣ ሽል በሽል መከታተል ያስፈልጋል። እኔ ከኋላ ከመጣው ዝና ሁሉ ይህን ንባብ አስበልጣለሁ። እግሩ ለነርቩ አንድ የሚያኖረው ነገር ይሰጠው እንደነበር የታወቀው በዚህ ነውና። ሃምበርገርም ቅር ሳይሰኙ ሪታን አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ድረስ አብረዋቸው እንዲሠሩ ጠሩ።

እ.ኤ.አ. በ1952፣ ሪዮ ዴ ጄኔሮ ውስጥ፣ ሪታ ያንን የሚያኖር ነገር ሲፈልጉ፣ በአንዲት ጠብታ ላይ የነርቭ ቋጠሮ አኖሩ፤ አጠገቡ የአይጥ ነቀርሳ ቁራጭ፣ ሳያነካኩ። በ24 ሰዓት ውስጥ ከቋጠሮው ዙሪያ ክሮች እንደ ፀሐይ ጮራ ፈነጠቁ። ጥበቡ ያለው በመካከል በተተወችው ክፍተት ላይ ነው፤ ሁለቱ ካልተነካኩ፣ የሚያነሣሣው ከነቀርሳው ወጥቶ በፈሳሹ ውስጥ የሚሄድ ነገር መሆን አለበት።

የሪታ የሥራ ባልደረባ ስታንሊ ኮኸን ንጥረ ነገሩ ኑክሊክ አሲድ እንደሆነ ለማጣራት፣ ያንን የሚበጣጥስ የእባብ መርዝ ጨመሩበት። ጮራው ይጠፋል ሲባል ጭራሽ ደመቀ፤ መርዙ ራሱ በዚያው ንጥረ ነገር የተሞላ ነበር። ይህም ወደ አይጥ የምራቅ እጢ መራቸው፤ ፕሮቲኑም ከዚያ ተጣርቶ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ሃምበርገር አለመካተታቸው ዛሬም ያሳዝነኛል።

የነርቭ እድገት ፋክተር የተባለው ይህ ፕሮቲን ሁለት ተመሳሳይ ሰንሰለቶች አሉት። በነርቩ ጫፍ ትርክኤ የሚባሉ ሁለት ተቀባዮችን ይዞ ያቀራርባል፤ እነሱም አንዱ በሌላው ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ። ከዚያ ተቀባዩ ከነፋክተሩ በጥቃቅን ከረጢት ተጠቅልሎ ወደ ሕዋሱ አካል ይጓዛል። ከእግር ጣት ተነሥቶ አከርካሪ አጠገብ እስኪደርስ፣ በአዋቂ ሰው አንድ ሜትር ያህል ነው። «ኑር» የሚለው መልእክት ይህን ሁሉ ይሄዳል።

የትርክኤ ጂን ከሁለቱም ወላጅ ተበላሽቶ ሲወረስ፣ ልጁ ሕመም የማይሰማውና ላብ የማያልበው ሆኖ ይወለዳል፤ ምላሱን ነክሶ ያቆስላል፣ አጥንቱ ተሰብሮ ይሮጣል። ጂኑ ከሌላ ጂን ጋር በስህተት ሲጣበቅ ደግሞ ተቀባዩ ፋክተር ሳይኖር ሳያቋርጥ ይሠራል፤ ይህ ካንሰር ያስነሣል። ላሮትሬክቲኒብ የተባለው መድኃኒት ይህን ተቀባይ ያግዳል።

ፋክተሩ ራሱም መድኃኒት ሆኗል። ነርቩ የሞተበት የዓይን ኮርኒያ ሲቆስል በቀላሉ አይድንም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ሴኔገርሚን በባክቴሪያ የተመረተ ያው ፕሮቲን ነው፤ በቀን 6 ጊዜ፣ ለ8 ሳምንት፣ ዓይን ውስጥ ይጨመራል።