የመጨረሻው እንቁላል

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው ስለ መጻሕፍትና ስለ መዝሙር ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ አሮጌ ጌም ላወራችሁ ነው። «ጌም ደግሞ ምን ሂስ ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጌሙ ሜትሮይድ 2 ይባላል። የጃፓኑ ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1991 ለጌም ቦይ ያወጣው ሲሆን፣ በ1986 የጀመረው የዝነኛው ሜትሮይድ ተከታይ ነው። ጌም ቦይ በአራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ ቀለም የሌለው፣ ስክሪኑም የራሱ ብርሃን የሌለው የእጅ መጫወቻ ነው። ነቀምቴ እኛ ሰፈር የደረሰው ከውጭ አገር በተመለሰ ዘመድ ሻንጣ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር ሲጠፋ፣ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ በየተራ እየተቀባበልን ተጫወትነው። ማታ መብራት ከሄደ ስክሪኑ ስለማይታይ ጌሙም እስኪነጋ ይጠብቀናል።

ታሪኩ አጭር ነው። ሳመስ አራን የምትባል፣ የጦር ልብስ የለበሰች ሴት ኤስአር 388 ወደሚባል ፕላኔት ትላካለች። ትእዛዙ ሜትሮይድ የሚባሉትን ፍጡራን አንድም ሳታስቀር እንድታጠፋ ነው። ሜትሮይድ የሌላውን ሕይወት መጥጦ የሚጨርስ አደገኛ ፍጡር ስለሆነ ትእዛዙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ስክሪኑ ግርጌ ላይ 39 የሚል ቁጥር አለ። አንድ በገደላችሁ ቁጥር አንድ ይቀንሳል። በአንድ ክፍል ያሉትን ስትጨርሱ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ መንገድ የዘጋው አሲድ ዝቅ ይላል፤ እናንተም ወደሚቀጥለው ጥልቀት ትወርዳላችሁ።

አሠራሩን በሐቀኝነት እንመዝን። የሳመስ ምስል ትልቅ፣ ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ከፊታችሁ ያለው ብዙም አይታይም። ካርታ የለውም። ዋሻዎቹ ስለሚመሳሰሉ በደብተር ወረቀት ላይ መንገዱን እየሣልን ነበር የምንሄደው። ከጠላቶቹ ጋር ያለው ፍልሚያም ይደጋገማል። በሌላ በኩል፣ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ግድግዳና ጣሪያ ላይ መውጣት ዛሬም ያስደስታል። ድግግሞሹም ቢሆን ሳይታወቅ አንድ ሥራ ይሠራል። መጀመሪያ አንድ ሜትሮይድ ስታዩ ልባችሁ ይመታል። ሃያኛው ላይ ስትደርሱ የሚሠራው ጣታችሁ ብቻ ነው፤ የምታዩትም ቁጥሩን ነው።

ቁጥሩ 1 ላይ ሲደርስ የጨረሳችሁ ይመስላችኋል። ወደ መጨረሻው ዋሻ ስትገቡ ግን በድንገት 9 ይሆናል። እነዚያንም ታጠፋላችሁ፤ እናቲቱንም በብርቱ ውጊያ ትጥላላችሁ። ከዚያ አንድ እንቁላል ይቀራል። ስትጠጉት ይፈለፈላል። ግልገሉ አያጠቃችሁም። ሳመስን እናቱ አድርጎ ይከተላታል። እርሷም ትተወዋለች።

እኛ ዘንድ ክርክሩ የተነሳው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያውን የያዘው ልጅ «ለምን አልገደለችውም?» አለ። ሌላው «የእባብ ልጅ እባብ ነው፤ ነገ ያድጋል» ብሎ መለሰ። ሁላችንም ዝም አልን። ይህን አባባል ስለ ሰው ሲነገር ሰምተነው እናውቃለንና። ግቢያችን ውስጥ ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ተጠልለው ነበር። «እነዚህስ የማን ወገን ናቸው?» ተብሎ ሲጠየቅም ሰምተናል።

ከመካከላችን አንዱ ሳኦልን አነሳ። አጋግን በማዳኑ ተወቅሶ የለም ወይ? ጥያቄው ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሳኦል ከንጉሡ ጋር ያስቀረው ምርጥ ምርጡን በግና በሬ ነበር፤ ዓይኑ ምርኮ ላይ ነበር። ሳመስ ከግልገሉ የምታገኘው ምንም የለም። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ዮናስ ነው። እርሱም ፍርድ ይዞ ተልኮ ከተማይቱ ስትተርፍ ተቆጣ። የመጽሐፉ ፍጻሜ የእግዚአብሔር ጥያቄ ነው፤ በዚያም ጥያቄ ውስጥ ቁጥር አለ፦ ከ120,000 በላይ ሰዎች። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ሊጠፉ የሚገባቸውን ይቆጥራል፤ የእግዚአብሔር ቁጥር የሚራራላቸውን ይቆጥራል።

ከእንቁላሉ በኋላ ወደ ላይ መውጣት ነው። ጠላት የለም፤ ጥድፊያ የለም። ያን ሁሉ ሰዓት ስትወርዱ ቆይታችሁ አሁን በጸጥታ ትወጣላችሁ። መንገዱን የዘጋ፣ በመሣሪያችሁ የማይሰበር ነገር ያጋጥማችኋል። እሱን እየበላ መንገድ የሚከፍትላችሁ ያ የተረፈው ግልገል ነው። ማብራሪያ ጽሑፍ የለም፤ ስብከትም የለም። ከጌሙ ሁሉ የምወደው ይህን ነው። በ2017 ለኒንቴንዶ 3ዲኤስ በድጋሚ ሲሠራ ቀለም፣ ካርታና የተሻለ ፍልሚያ ተጨምሮበታል፤ መጨረሻው ላይ ግን ሌላ ታላቅ ውጊያ አስገቡበት። በእኔ ግምት ጸጥታውን ያልታመኑበት ይመስላል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ምሕረቱ የእናንተ ምርጫ አይደለም። ግልገሉን ልግደለው ብትሉም ጌሙ አይፈቅድላችሁም። በሕይወት ግን ጣቱ የእናንተ ነው።

«ነገ ያድጋል» ላለው ወዳጄም መልስ አለ። በ1994 በወጣው ሱፐር ሜትሮይድ ግልገሉ በእርግጥ አድጓል፤ ግዙፍ ሆኗል። ሳመስ ልትሞት ስትል በመካከል ገብቶ ያድናታል፤ እርሱ ይሞታል። ደስ የሚል መልስ ነው፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ አትጽናኑ። ነነዌ የአሦር ከተማ ነበረች፤ አሦርም በኋላ ሰማርያን አፍርሳለች። ምሕረት ሁልጊዜ ውለታ ሆኖ አይመለስም፤ ወለጋ ያደገ ሰው ይህን ሳይነግሩት ያውቃል። እግዚአብሔር ዮናስን ሲጠይቀው ግን ነነዌ ነገ ምን እንደምትመልስ አላነሳም።

ጌሙን ያገኘ ይጫወተው፤ ያላገኘ ዮናስ ምዕራፍ 4ን ያንብብ። በሚቀጥለው የወጣቶች ፕሮግራም ላይም ይህን ጥያቄ አንሡት፦ ነቀምቴም ይሁን ጊምቢ፣ ሻምቡም ይሁን ደምቢ ዶሎ፣ እኛ ዛሬ የምንቆጥረው የትኛውን ቁጥር ነው?