በኤሊ ቁመት ልክ

ስልኬ የጮኸው ከዓስር ሶላት በኋላ ነው። የደወለችው ሳምጣ ከተማ ሰው ቤት የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት። ሰላምታውን እንኳ በወጉ አልጨረሰችውም።

«ጋሼ፣ ይቺ ኤሊ ዓይኗን አልገልጥ ብላለች። ማዳም ደግሞ አንቺ ነሽ ያሳመምሻት እያለችኝ ነው።»

«መቼ ጀመራት?»

«መብራቱን በገጠሙላት በሦስተኛው ቀን።»

«አይዞሽ እህቴ። መብራቱን አጥፊው። ለብ ባለ ውሃ፣ አገጯ ድረስ ብቻ፣ ንከሪያት። ልጆቹ እንዳይነካኳት። መጣሁ።»

ከሳዑዲዋ ጂዛን ወደ ደቡብ፣ ወደ የመን ድንበር ስሄድ መንገዱን ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያንን መብራት የሰቀልኩት እኔው ነኝ።

ስደርስ ኤሊዋ ጥግ ላይ ተሸጉጣለች። መዳፍ የማትሞላ፣ ክብደቷ ከ40 ግራም የማይበልጥ ጫጩት ናት። የዓይኗ ቆብ አብጦ ተጣብቋል። ቆሜ ከላይ ሳየው ሥራዬ እንከን የለውም፤ ጣውላው ተልጎ ለስልሷል፣ ካቦው መስመሩን ይዞ ሄዷል። ከዚያ ሰድሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ፤ ጉንጬን መሬት አስነክቼ መብራቱን ለአፍታ አበራሁት። ጥምዝምዙ አምፖል ከሳጥኑ ጎን፣ ከወለሉ ስንዝር በማይሞላ ከፍታ ላይ ነው። ብርሃኑ ቀጥታ ዓይኔ ውስጥ ገባ።

ፀሐይ ለኤሊ ከላይ ነው የምትመጣላት። ወጣ ያለው ቅንድቧና የቅርፊቷ ጠርዝ ባርኔጣ ይሆኑላታል። ጨረሩ ከጎን ሲመጣ ግን ባርኔጣው ዋጋ የለውም። ያለ መነጽር ሲበይድ የዋለ ሰው ማታ ዓይኑን አሸዋ እንደተደፋበት የሚቆረቁረው በዚሁ በአልትራቫዮሌት ነው። የዚያች ጫጩት ዓይን የብየዳ ዓይን ነበር። መብራቱን ነቅዬ፣ በየቀኑ እየተነከረች በቀን ብርሃን ብቻ እንድትቆይ አደረግኩ። ደግነቱ በሳምንቱ ዓይኗን ገለጠች። ማዳምም ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጅቷ እንዳልሆነ ከራሴ አፍ ሰማች።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም መብራት ቆሜ አልገጥምም። ተኝቼ አየዋለሁ።

እኔ እንጀራዬ ሙከይፍ ነው፤ አየር ማቀዝቀዣ እጠግናለሁ፣ የቤት መስመር እዘረጋለሁ። የኤሊ ቤት የጀመርኩት በአጋጣሚ ነው፤ ማቀዝቀዣ ልሠራ የገባሁበት ቤት ልጆች «ለሱልሐፋችን (ለኤሊያችን) አምፖል ስቀልልን» ብለውኝ። እስካሁን የገጠሙኝ አብዛኞቹ ሱልካታ የሚባለው ዘር ናቸው፤ ጭናቸው ላይ ሹል ሹል ጉብታ ያለባቸው። የትውልድ አገራቸው ከሴኔጋል ተነስቶ የሳህልን ወገብ ይዞ እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ ይደርሳል። ስለዚህ የአገር ልጅ ልትሆኚ ትችያለሽ እያልኩ እቀልድባቸዋለሁ። ቀልዱ ስታድግ ያበቃል። ሱልካታ ከጋላፓጎስና ከአልዳብራ ኤሊዎች ቀጥላ በዓለም ሦስተኛዋ ግዙፍ የየብስ ኤሊ ናት፤ 50 ኪሎን ማለፍ ለወንዱ ብርቅ አይደለም።

ሰው «መብራት» ሲለኝ ሙቀቱም ጨረሩም በአንድ አምፖል የሚመጣ ይመስለዋል። ተራው አምፖል ያሞቃል እንጂ ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር አይሰጥም። ያለ ዩቪቢ ቆዳዋ ቫይታሚን ዲ3 አይሠራም። ያለ ዲ3 ደግሞ የበላችው ካልሲየም ሳይጠቅማት ይወጣል፤ ያን ጊዜ ሰውነቷ ከገዛ አጥንቷና ከቅርፊቷ እየቆነጠረ ይበላል።

አቡ አሪሽ ከተማ ውስጥ አንድ አባወራ «የእኔማ ፀሐይ ጠግባለች» ብሎ በኩራት ወደ ሳሎኑ አስገባኝ። ኤሊዋ በትልቁ መስኮት ሥር፣ ከመስታወቱ ወዲህ፣ ፀሐይ ተሞልታ ተቀምጣለች። አነሳኋትና ጀርባዋን በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። እርጥበት እንዳገኘው ካርቶን ሰርጎድ አለ። የጫጩት ቅርፊት መጀመሪያ ላይ ትንሽ መለመጡ ያለ ነው፤ ይቺ ግን ግማሽ ዓመት አልፏታል። የመስኮት መስታወት ብርሃኑንና ሙቀቱን አሳልፎ ዩቪቢውን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ያስቀረዋል። ለሰው ዓይን ፀሐይ ነው፤ ለእሷ አጥንት ጨለማ ነበር። ወደ እንስሳት ሐኪም ላክኋቸው፤ እዚያ ደረጃ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሚያደርገው የለም።

አሁን የምገጥመው ቲ5 የሚባለውን ቀጭንና ረጅም ቧንቧ ነው። ጥምዝምዙን ትቼዋለሁ፤ ርካሽ ነው፣ ግን ጨረሩን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይተፋል። ቧንቧው ከላይ፣ በሳጥኑ ርዝመት ተጋድሞ ከጀርባዋ ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። በመካከል የሽቦ ወንፊት ካለ ግን ሲሶውን ወይም ከዚያ በላይ ስለሚበላው ልኬቱ ይለወጣል። የዩቪ ኢንዴክስ መለኪያ ገዝቻለሁ፤ ውድ ዕቃ ነው፣ ወጪው ለወራት ቆጭቶኝ ነበር። መለኪያውን መሬት ላይ፣ በጀርባዋ ከፍታ አስቀምጬ ከ3 እስከ 5 ካነበበልኝ እጄን እሰበስባለሁ። አንድ እርምጃ ፈቀቅ ስትል ጥላ የምታገኝበት ቦታ ግን የግድ መኖር አለበት። ጨረር የበዛባት ኤሊ መሸሻ ከሌላት ያው የሳምጣው ታሪክ ነው።

ሙቀቱን ሌላ አምፖል ይሰጣታል። ከሥሩ ያለው ድንጋይ ከ35 እስከ 38 ዲግሪ፣ ወዲያኛው ጫፍ 27 አካባቢ። ብርሃኑን ሰፋ አድርጎ የሚበትን እንጂ አንድ ነጥብ ላይ የሚያተኩር አምፖል አልገጥምም፤ የቅርፊቷን አናት ብቻ ያደርቀዋልና። ቀይ የሌሊት አምፖልም አልገጥምም። ኤሊ ቀለም ትለያለች፤ ሌሊት ጨለማ ያስፈልጋታል።

የምናነበው መመሪያ ሁሉ የተጻፈው ቤቱ ለሚበርደው ሰው ነው። ግማሹ ገጽ ስለ ማሞቂያ ያወራል። ጂዛን ግን ሐምሌ ላይ ከበሩ ወዲያ ወደ 40 የሚጠጋ ሙቀትና ላብ የማያደርቅ የቀይ ባሕር እርጥበት አለ። ከበሩ ወዲህ ሙከይፉ 20 ላይ ተደርጎ ሌት ተቀን ይነፍሳል። ኤሊዋ የምትኖረው ከበሩ ወዲህ ነው።

ሙከይፍ አየሩን እንደሚያደርቀው ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም። ሙከይፍ ስጠግን ከውጭው ቱቦ ሥር ባልዲ አስቀምጣለሁ፤ በእርጥብ ወር ከሰዓት በኋላ ብቻ ግማሹን ይሞላዋል። ያ ውሃ ከየት መጣ? ከክፍሉ አየር ነው የተወሰደው። ጫጩቷ ልትተነፍሰው የሚገባው እርጥበት ባልዲዬ ውስጥ ተቀምጧል። እኔም ደንበኞቼን ወደ ባልዲው ወስጄ አሳያቸዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

«የበረሃ እንስሳ አይደለች እንዴ? ውሃ ምን ያደርግላታል?» የማይለኝ ሰው ግን የለም። ሱልካታ በአገሯ የምትውለው አሸዋው ላይ ሳይሆን ሜትሮች በሚረዝም ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ እዚያ ውስጥ አየሩ እርጥብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት 50 ገና የተፈለፈሉ ሱልካታዎችን በ5 ቡድን ከፍሎ ለ5 ወር አሳደገ። በደረቅ አየር ያደጉት ቅርፊታቸው ተራራ ተራራ እየሠራ ጎበጠ፤ እስከ 99 በመቶ እርጥበት ባለው ያደጉት የተሻለ ለስላሳ ሆነው አደጉ። ቀድሞ ጥፋተኛ ይባል የነበረው ፕሮቲን የነበረው ሚና ትንሽ ነው። አንዴ የጎበጠ ቅርፊት ደግሞ ተመልሶ አይቃናም።

ስለዚህ የምሠራው ሳጥን ክዳን ያለው ነው። ኮምፔርሳቶ ቆርጬ፣ ውስጡን እርጥበት በማያስገባ ቀለም ቀብቼ፣ ማዕዘኖቹን በሲሊኮን እዘጋለሁ። ለጫጩት ርዝመቱና ስፋቱ 120 በ60፣ ከፍታው 60 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ወለሉ የኮኮናት ገለባ ነው፤ ከታች እርጥብ፣ ከላይ ደረቅ ያለ። አሸዋ አላስገባም፤ ከምግቧ ጋር እየዋጠች አንጀቷ ይደፈናል። በአንደኛው ጫፍ የተደፋ የሸክላ ግማሽ ገንቦ አለ፤ በውስጡ እርጥብ ገለባ። ጉድጓዷ ያ ነው። ሳጥኑን ከሙከይፉ ንፋስ መስመር ውጭ አስቀምጣለሁ፤ እሱንም የማውቀው ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አስጠግቼ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ በማየት ነው። እኔ አላጨስም።

አሁን ስለ እሳት። ይህን የምጽፈው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። የሳዑዲ አሮጌ ቤቶች ሁለት ዓይነት ሶኬት አላቸው፤ በተለምዶ 110 የሚባለውና 220። መንግሥት መስመሩን ወደ 230 ቮልት ለማዛወር እ.ኤ.አ. በ2010 ወስኗል፤ የድሮው ሽቦ ግን ግድግዳ ውስጥ የቀረባቸው ቤቶች አሉ። አንድ ቀን ሥራ ለመጨረስ ቸኩዬ፣ ከውጭ አገር የመጣ የ110 አምፖል መሆኑን ጀርባው ላይ ሳላነብ 220 ላይ ሰካሁት። አንድ ጊዜ ነጭ ሆኖ በራ፤ ከዚያ ፈነዳ። መስታወቱ እንደ በረዶ ገለባው ላይ ተረጨ። ኤሊዋ ገንቦዋ ውስጥ ነበረች። ያን ዕለት ገለባውን በሙሉ አውጥቼ ጣልኩ፤ ከአሸዋ የማይበልጥ ስብርባሪ በዓይን አይለቀምም።

ከዚያ ወዲህ የፕላስቲክ ፖርታላምፓዳ አልገዛም፤ ሸክላውን ብቻ ነው። መብራት በመቆንጠጫ ብቻ አይንጠለጠልም፤ መቆንጠጫው ቢለቅ የሚይዘው የብረት ሰንሰለት አለው፣ ዙሪያውን የሽቦ መከላከያ። ካቦው ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ታች ወርዶ ተመልሶ ይወጣል፤ የሚንጠባጠብ ውሃ ካለ እዚያ ይውደቅ ብዬ። ሙቀቱን የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት እኔ ሳላስተካክል ማንም አይነካም። አንድ ማካፈያ ላይ ፍሪጅም የኤሊ ማሞቂያም የሰካ ቤት ካገኘሁ መጀመሪያ የምሠራው የእነሱን መስመር ነው። ገንዘብ ይከፍሉኝ አይከፍሉኝ ኋላ እንነጋገራለን።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ጂዛን ላይ መብራት ምትክ ነው፤ ዋናው ፀሐይ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደግ ወቅት ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ሐውሹ (ግቢው) ላይ፣ ግማሹ ጥላ በሆነ ቦታ ብትውል የትኛውም ቧንቧ አይወዳደረውም። በሙቀቱ ወራት ደግሞ ከ1 ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፤ አቧራ የሚያነሳው ንፋስ ሲመጣ ጨርሶ አይወጣም። በመስታወት ገንዳ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማውጣት ግን መጥበስ ነው፤ የአሳ ገንዳ ፀሐይ ላይ ምን እንደሚሆን በእጁ ያልዳሰሰ ሰው አያምንም። ከላይም ሽቦ ይከደንበት። የሕንድ ቁራ ጂዛን ባሕር ዳርቻ ላይ ተራብቶ ሰውን አይፈራም፤ 40 ግራም ኤሊ ለእሱ ቁርስ ናት። ደጋውን ተጠግተው ፈይፋ አካባቢ ለሚኖሩ ደግሞ ዝንጀሮው አለ። ሽቦውን በሚስማር ሳይሆን በብሎን የማስረው ለዚህ ነው።

የማልሠራለት ሰውም አለ። «ከድንበር ማዶ በርካሽ አገኘኋት» የሚለኝን ካቻቢቴዬን ሰብስቤ እወጣለሁ። ከዱር ተይዛ ለንግድ የምትወጣ ሱልካታ በዱር እንስሳት ንግድ ዓለም አቀፍ ስምምነት ኮታዋ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ዜሮ ነው። ወረቀቷን ጠይቁ። ዕድሜዋንም አስቡት፤ የእኛ የመኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) ዘመን ሲቆጥር እሷ ከሃምሳ ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። አሠሪያችን ልጆቹ ሲያድጉ ኤሊዋን ለሠራተኛዋ ጥሎ የሚሄድበትን ቤት አይቻለሁ።

የሳምጣዋ ጫጩት ዛሬ 600 ግራም ደርሳለች፤ ጀርባዋ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሙጥ ነው። የወሎዋ ልጅ በየጠዋቱ ትነክራታለች፤ ጊርጂር የሚባለውን ቅጠልና የጓሮ ሣር ትቆርጥላታለች። የዩቪቢ ቧንቧ ጨረሩ ካለቀ በኋላም ለዓይን እንደ ድሮው ይበራል፤ ስለዚህ በ12 ወሩ አውጥቼ እቀይረዋለሁ። የመጨረሻውን የቀየርኩት ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። ቀኑን በማርከር ቧንቧው ጫፍ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እናንተም የእናንተን ጻፉ።