ደሴት ምን ይሠራበታል?

ነገሩ የተጀመረው ፒያሳ፣ ፖስታ ቤቱ አቅራቢያ ካለች አንዲት ቡና ቤት ነው። ሚያዝያ 2011 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ሰሞን። ከውጭ የመጣው የእህቴ ልጅ ከቦርሳው አንድ እንግዳ ዕቃ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዓይንንም አፍንጫንም አንድ ላይ የሚሸፍን መነጽር፣ ጎኑ ላይ የተቆለመመ ቱቦ። አሳላፊዋ ሳትቀር ማኪያቶውን እንደያዘች ቆማ አየችው።

«ስኖርክል ነው ጋሼ» አለኝ። ፊትን ውሃው ላይ ደፍቶ፣ በቱቦዋ እየተነፈሱ፣ እንደ ቅጠል ተንሳፎ ዓሣ ማየት ማለት ነው። ዛንዚባር ሦስት ቀን እንዲህ ሲያደርግ ሰንብቶ መምጣቱ ነው። ሥራ የለ፣ ስልክ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ። «ጎርጎራ ስልሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው አይደል? ነገ ሄደን ታና ላይ እንሞክረው።»

እሺ አልኩት። (አጎት መሆን ክፉ ነው።)

ማታ እናቴ ወሬውን ስትሰማ ደነገጠች። «ማን ታሞ ነው?» አለች። ማንም አልታመመም አልናት። «ስለት ነው?» አይደለም፣ ለመዝናናት ነው። «ታዲያ ለመዝናናት ከሆነ ውሃ ውስጥ ምን አስገባችሁ?»

ሳቅን። እኔ ግን ሌሊቱን ጥያቄዋ አላስተኛኝም። እውነትም ደሴት ለእኛ ምን ነበረ? ታና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል፤ ግማሽ ያህሉ ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ናቸው። በግራኝ ጦርነት ዘመን ንዋየ ቅዱሳት የተሸሸገው እዚያ ነው። ይችን ከተማ የቆረቆረው ዐፄ ፋሲል እንኳ ዐፅሙ ያረፈው ጎንደር ሳይሆን ዳጋ እስጢፋኖስ ነው፤ ከእነ ዐፄ ይኩኖ አምላክና ከእነ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር። እቴጌ ምንትዋብ ወደ ደቅ ስታማትር ናርጋ ሥላሴን ተከለች። ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ ከመቶ በላይ የዳህላክ ደሴቶች እስከ 1983 ዓ.ም. በእጃችን ነበሩ። ከመካከላቸው በስም የምናውቀው የትኛውን ነው? ኖኩራን። ጣሊያን እስር ቤት ያደረገው፣ በደርግ ጊዜ የሶቪየት ባሕር ኃይል የሰፈረበት ነው። ዛሬ ባሕር አጣን ብለን የምንቆጨው ስለ ወደቡ ነው፤ ኮራሉን ፊቱን ደፍቶ ያየ ግን ስንት ሰው ይገኛል? ደሴት መሸሸጊያ፣ መጸለያ፣ መታሰሪያ፣ መቀበሪያ ሆነ። ማረፊያ ሲሆን አላየሁም፤ «ዐረፈ» የምንለውም ለሞተ ሰው ነው።

ውሃም እንደዚያው። እዚሁ ከፒያሳ ቁልቁል ሲወረድ የፋሲል መዋኛ አለ። ስሙን «መዋኛ» ያልነው እኛው ነን። ከቀሃ ወንዝ በቦይ እየተጠለፈ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ጥር 11 ጠዋት ጸበሉ ሲባረክ ጎረምሳው ከነልብሱ ዘሎ ይገባል፣ ይጮኻል፣ ይንቦጫረቃል። ከዚያ ሲበቃ ገንዳው ይደርቅና ዓመት ይጠብቃል። እኔ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አብሮኝ የሚቀመጥ ልጅ ክረምት ላይ ቀሃ ገብቶ ቀረ። ሰፈሩ ሁሉ «ውሃ ወሰደው» አለ፤ ለሦስት ቀን ተለቀሰ። ዋና ያስተማረው ሰው አለመኖሩን ያነሣ አንድም ሰው አልነበረም። ለእኔና ለወንድሞቼ የተረፈን ትምህርት ወንዝ ዳር የተገኘ ይገረፋል የሚል ነው። ይኸው ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ዋና አልችልም።

ውሃውን የሚያውቁትንስ ምን አደረግናቸው? የታና ዳር ሰዎች፣ ወይጦዎች፣ ከደንገል ታንኳ መሥራት፣ ዓሣ ማጥመድ፣ ጉማሬ ማደን የእጃቸው ነበር። የጉማሬ ሥጋ በሉ ብለን አብረናቸው አንቆርስም አልን፤ ስማቸውን ስድብ አደረግነው። የራሳቸው ቋንቋም ጠፋ፤ ዛሬ የሚናገሩት የእኛኑ አማርኛ ነው። መምህራን ሊሆኑን የሚችሉትን ሰዎች ዳር አስቀምጠን «ውሃ አደገኛ ነው» እንላለን።

ጎርጎራ ደረስን። በደንገል ታንኳ ትንሽ ከተንሸራሸርን በኋላ ወጣቱ ዳር ላይ መነጽሩን አጥልቆ ገባ። ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ ማኪያቶ ውስጥ የገባሁ ነው የሚመስለኝ!» አልዋሸም። ታና ጥልቅ ባሕር አይደለም፤ ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ ከአሥራ አራት አሥራ አምስት ሜትር ብዙም አያልፍ። ወንዞቹ ከእርሻችን የጠረጉትን አፈር አምጥተው ይደፉበታል፣ ነፋሱ ያማስለዋል። በዓለም ሌላ የትም የማይገኙ ከአሥር በላይ የባርበስ ዓሣ ዓይነቶች ከሥር አሉ፤ ግን ጣቱን እንኳ አላየም። በደምቢያ በኩል ደግሞ እምቦጩ አለ። (ቢልሃርዚያ እንዳለበት የነገርኩት ከወጣ በኋላ ነው። እህቴ እስከ ዛሬ አልማረችኝም።)

ከዚያ ወዲህ በ2012 ማብቂያ ይፋ በሆነው «ገበታ ለሀገር» ጎርጎራ ላይ ያማረ ሪዞርት ተሠርቷል። ደግ ነው፤ መዝናናትን የሚያንቋሽሽ ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ከነሐሴ 2015 ወዲህ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገብቶ፣ የፒያሳ ሰው ከቤቱ ሲወጣ መንገዱ ክፍት ነው ዝግ ነው ብሎ መጠየቅ የለመደው፣ አልጋው ሳይዘረጋ ነው። ሰላሙ ሲመለስስ ለሽርሽር የሚሄደው የማን ልጅ ነው? ሪዞርት የሠራ እጅ ለቀበሌ ልጆች ጥልቀቷ አንድ ሜትር የሆነች ገንዳና አንድ የዋና አስተማሪ ይቸግረዋል? ይህን ባነሣሁ ቁጥር «አሁን እሱ ነው የጎደለን?» እባላለሁ። የዚያ ልጅ እናት ብትጠየቅ መልሷ ሌላ ይመስለኛል።

ለመመለስ ስንነሣ ወጣቱ ባለ ታንኳውን «አባባ፣ እርስዎ ዋና ይችላሉ?» አላቸው።

«እኔ? ኧረ ወዲያ!» አሉ ሽማግሌው። «ሠላሳ ዓመት ስቀዝፍ ኖርሁ፤ አልወድቅማ!»

መነጽሩ አሁን እህቴ ዘንድ ነው። ለድግስ ሽንኩርት ስትከትፍ ታጠልቀዋለች፤ ቱቦዋን ልጆቹ ወስደው ጡሩንባ አድርገዋታል።